ነጭ ሸማና ጠይም ፊት፤ ስለ ዲጂታል ካሜራ ብርሃን አመጣጠንና ስለ ሌንስ አመራረጥ

ፎቶግራፍ የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው በብርሃን መጻፍ ማለት ነው። እንግዲህ ብርሃንን መመጠን የማያውቅ ሰው፥ ምንም ያህል ውድ ካሜራ በአንገቱ ቢያንጠለጥል፥ እኔ ጻፍሁ ለማለት አይችልም፤ የጻፈው ካሜራው ነው። በቀድሞው ዘመን ይህ ጥበብ በጥቂት ባለሙያዎች እጅ ብቻ ነበረ። በዳግማዊ አጤ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የሆነው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፥ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ፥ የነገሥታቱንና የመኳንንቱን መልክ ለትውልድ አቆይተውልናል። በዚያን ጊዜ የሚነሣው ሰው ሳይንቀሳቀስ ይቆይ ነበር፤ የሚያነሣውም ሰው የሰማዩን ሁኔታ አይቶ፥ ብርሃኑን በልቡ መዝኖ መሣሪያውን ይከፍት ነበር። ቢሳሳት የሚያርምበት መንገድ ጥቂት ስለ ሆነ ከመክፈቱ አስቀድሞ አጥብቆ ማሰብ ግዴታው ነበረ።

ዛሬ ግን ነገሩ ሁሉ ተለውጦአል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1975 ዓመት በአሜሪካ አገር በኮዳክ ኩባንያ ስቲቨን ሳሰን የተባለው መሐንዲስ ራሱን የቻለውን የመጀመሪያ ዲጂታል ካሜራ በሠራ ጊዜ፥ አንዱን ሥዕል በቴፕ ካሴት ላይ ለመመዝገብ 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር፤ ሥዕሉም 10,000 ነጥቦች ብቻ ያሉት፥ ቀለሙም ጥቁርና ነጭ ነበረ። ዛሬ በየቤታችን ያለው ካሜራ 24 ሚሊዮን ነጥብ ያለውን ሥዕል በዓይን ጥቅሻ ይመዘግባል። ልጅ ከባሕር ማዶ ሲመለስ ለአባቱ ያመጣለታል፥ ወይም ሠርግ ሲደርስ ይገዛል። ከተገዛም በኋላ በራሱ ላይ ያለው መዘውር አውቶ በሚለው ምልክት ላይ እንደ ቆመ ይቀራል። ይህ ነገር መልካም በቅሎ ገዝቶ እየሳቡ በእግር እንደ መሄድ ይቈጠራል። እኔም ራሴ ብዙ ዓመት እንዲሁ በእግሬ ሄጃለሁ፤ የከፈልሁበትን ዋጋ ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥምቀት ቀን እናቴን ይዤ ጃንሜዳ ወጣሁ። አዲስ የገዛሁትን ካሜራም ይዤ ነበር። እናቴ በነጭ የሐበሻ ቀሚስ ላይ ነጭ ነጠላ ተከናንበው፥ በስተኋላቸውም ነጭ የለበሰ ሕዝብ ሞልቶ፥ ልክ በስድስት ሰዓት ፀሓይ በአናት ላይ ሳለች አነሣኋቸው። ፀሓዩ ስለ በረታ በካሜራው ጀርባ ባለው መስተዋት ሥዕሉን አጣርቼ ለማየት አልቻልሁም፤ የሆነ መልክ ስላየሁበት ደኅና ወጥቶአል ብዬ ተውሁት። ቤት ገብቼ በኮምፒውተር ስመለከተው ነጠላው አመድ መስሎ፥ ፊታቸው ከጥላ ጋራ አንድ ሆኖ፥ ዓይናቸው ያለበት ስፍራ ሁለት ጥቁር ጕድጓድ ሆኖ አገኘሁት። ለከርሞ እናነሣቸዋለን ብለን አለፍነው። ከርሞ ጥምቀት ሳይደርስ እናቴ ዐረፉ። ለአርባቸው በድንኳኑ ውስጥ የሚቆም ሥዕል በተፈለገ ጊዜ፥ እርሳቸው ፎቶግራፍ መነሣት የማይወዱ ሰው ስለ ነበሩ፥ ከዚያ ሌላ የቅርብ ጊዜ ሥዕል በቤታችን ውስጥ አልተገኘም።

ስለዚህ ስሕተቱ ከምን እንደ መጣ ለማወቅ ፈለግሁ። ያገኘሁትንም እንዲህ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም በኢትዮጵያ ቤተ ሰብ ዘንድ ይህ ስሕተት በየበዓሉና በየሠርጉ ሲደጋገም አያለሁ።

ካሜራ ከፊቱ የቆመው ነገር ምን እንደ ሆነ አያውቅም። በውስጡ ያለው የብርሃን መለኪያ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በዓለም ያለው ነገር ሁሉ ቢደባለቅ መካከለኛ ግራጫ ይሆናል የሚል ግምት ነው። ይህም ግራጫ ከሚወርድበት ብርሃን ከመቶ 18 ያህሉን የሚመልስ ነው ተብሎ በባለሙያዎች ዘንድ ይነገራል። እንግዲህ በካሜራው ፊት ነጭ ነጠላ፥ ነጭ ቀሚስና ነጭ የለበሰ ሕዝብ ሲሞላ መለኪያው ብርሃኑ በዛ ብሎ ይደነግጥና ይቀንሰዋል። ነጩ ወደ ግራጫ ይወርዳል፤ ጠይሙ ፊት ደግሞ ከዚያው ጋራ ወደ ጨለማ ይወርዳል። የዛሬዎቹ ካሜራዎች ፊትን ለይተው የሚያውቁበት ብልሃት ስላላቸው ስሕተቱ ከቀድሞው ጥቂት ቀንሶአል፤ ነገር ግን ፊቱ ትንሽ፥ ሸማው ብዙ በሆነ ጊዜ አሁንም ይታለላሉ።

ተቃራኒውም እንዲሁ ነው። አንድ ሽማግሌ በወርቅ ጥልፍ ያጌጠ ጥቁር የከፋይ ካባ ደርበው በጥቁር መጋረጃ ፊት ቢቀመጡ፥ መለኪያው ብርሃን አነሰ ብሎ ይጨምራል። ካባው አመዳማ ይሆናል፥ የወርቁ ጥልፍም ነጭ ሆኖ ይጠፋል።

መድኀኒቱ ቀላል ነው። በማናቸውም ደኅና ካሜራ ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት አብረው ያሉበት አንድ ቁልፍ አለ። ነጭ ሲበዛ ወደ መደመር ከ1 እስከ 1 ተኩል ድረስ፥ ጥቁር ሲበዛ ወደ መቀነስ 1 ያህል ማዞር ነው። በዚህ ቁልፍ ላይ አንድ ደረጃ መጨመር ማለት ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው፤ አንድ ደረጃ መቀነስም ግማሽ ማድረግ ነው። ለካሜራው ይህ ነጭ ነው፥ ይህ ጥቁር ነው ብሎ የሚነግረው ሰው ከዚህ ቁልፍ ላይ ከቆመው ጣት በቀር የለም።

ስለ ፊት መልክ ከተነሣ ዘንድ አንድ ታሪክ ጨምሬ ልለፍ። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ኮዳክ የቀለም ፎቶግራፍ ለሚያጥቡ ቤቶች መመዘኛ የሚሆን፥ የአንዲት ነጭ ሴት ሥዕል ያለበት ካርድ ይልክ ነበር። በመጀመሪያ በተነሣችው ሴት ስም ካርዱ ሸርሊ ተባለ። የሸርሊ መልክ አምሮ ከታየ መሣሪያው ተስተካክሎአል ማለት ነበር፤ የሌላው ሰው መልክ እንዴት እንደሚወጣ የሚጠይቅ አልነበረም። ፊልሙ ቡናማውን ቀለም ለይቶ እንዲያሳይ የተሻሻለው፥ ቸኮላትና የእንጨት ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች የዕቃችን መልክ በማስታወቂያው ላይ አላማረም ብለው ካጕረመረሙ በኋላ እንደ ሆነ የጉዳዩ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ለቸኮላት የተደረገው ጥንቃቄ ለሰው ፊት አስቀድሞ አለመደረጉ የሚያስደንቅ ነው። የዛሬው ዲጂታል መሣሪያ ከዚያ ፊልም እጅግ ይበልጣል፤ ቢሆንም ጠይም ፊትን ከነጭ ሸማ ጋራ አስማምቶ ማውጣት እስከ ዛሬ ድረስ የሚያነሣው ሰው ሥራ ነው።

አሁን ብርሃን ወደ ካሜራው የሚገባባቸውን መንገዶች እንመልከት። ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ፈረንጆች አፐርቸር የሚሉት በሌንሱ ውስጥ የሚገኘው ቀዳዳ ነው። ይህ ቀዳዳ እንደ ዓይናችን ብሌን ይሰፋል ይጠባል። ልኩም ኤፍ በሚባል ቍጥር ይነገራል፤ ተራውም 1.4፥ 2፥ 2.8፥ 4፥ 5.6፥ 8፥ 11፥ 16፥ 22 ነው። ከአንዱ ወደ ሚቀጥለው በተሻገሩ ቍጥር ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል። ጀማሪውን ሁሉ የሚያደናግረው ቍጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ማነሱ ነው። ነገሩ ግን የአካፋይ ቍጥር ነው፤ ርስት ለአራት የተካፈለ ወራሽ ለስምንት ከተካፈለው ወራሽ ይልቅ ብዙ እንደሚያገኝ ሁሉ፥ ኤፍ 4 ከኤፍ 8 ይልቅ ሰፊ ነው። የሌንሱን ርዝመት በቍጥሩ ቢያካፍሉት የቀዳዳው ስፋት ይገኛል፤ 50 ሚሊሜትር የሆነ ሌንስ በኤፍ 2 ሲከፈት ቀዳዳው 25 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። ቀዳዳው በሰፋ ጊዜ ጥርት ብሎ የሚታየው ስፍራ ይቀጥናል፤ ፊት ጠርቶ በስተኋላ ያለው ይደበዝዛል። በጠበበ ጊዜ ግን ከቅርብ እስከ ሩቅ ያለው ይጠራል።

ሁለተኛው መዝጊያው የሚከፈትበት ጊዜ ነው፤ ሸተር ይሉታል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው በ1/125 ሴኮንድ ይነሣል። የሚሮጥ ሕፃን 1/500 ይፈልጋል። የጉግስ ፈረሰኛ 1/1000 ወይም ከዚያ በላይ ካልሆነ በቀር ፈረሱም ሰውየውም አቧራ መስለው ይወጣሉ። የሚይዘው ሰው እጅም እንደሚንቀጠቀጥ አይዘንጋ። የቆየው ሕግ፥ የሌንሱ ርዝመት 200 ሚሊሜትር ከሆነ መዝጊያው ከ1/200 አይዝገም የሚል ነው። አሁን በብዙ ካሜራና ሌንስ ውስጥ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋ ብልሃት ስላለ ሕጉ ለዝቷል፤ ነገር ግን ያ ብልሃት የያዡን እጅ ያረጋጋል እንጂ የሚሮጠውን ሕፃን አያቆመውም። ሻጮች ይህን ሳይናገሩ ያልፉታል።

ሦስተኛው አይ ኤስ ኦ የሚባለው ነው፤ ስሙ ልኩን ከወሰነው ዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት የተወሰደ ነው። 100፥ 200፥ 400፥ 800 እያለ እጥፍ በእጥፍ ይወጣል። ይህ እንኳ በእውነቱ ብርሃንን የሚያስገባ መንገድ አይደለም፤ የገባውን ጥቂት ብርሃን የሚያጐላ ነው። ከሩቅ አገር የሚመጣ የራዲዮ ድምፅ ሲያንስ ብናጐላው ንግግሩ ከነሹክሹክታው አብሮ እንደሚጐላ፥ አይ ኤስ ኦም በበዛ ጊዜ ሥዕሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ቢሆንም ፈጽሞ አይፈራ፤ አሸዋ ያለበት የጠራ ፊት አሸዋ ከሌለበት የተንቀጠቀጠ ፊት ይሻላል። የአሁኑ ዘመን ካሜራ እስከ 3200 ድረስ ያለ ብዙ ጕዳት ይሄዳል።

የሦስቱን ስምምነት ለመረዳት ከሁሉ የሚቀለው በፀሓይ መለማመድ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን፥ ፀሓይ በበረታች ሰዓት፥ ኤፍ 16 ላይ አድርጎ የመዝጊያውን ጊዜ ከአይ ኤስ ኦው ቍጥር ጋራ ማስተካከል ነው፤ አይ ኤስ ኦ 100 ከሆነ መዝጊያው 1/125 ያህል ይሆናል። ከዚያ በኤፍ 8 እና በ1/500፥ ወይም በኤፍ 5.6 እና በ1/1000 ቢያነሡት የሚገባው ብርሃን ያው ነው፤ የሚለወጠው የጥራቱ ስፋትና የእንቅስቃሴው መቆም ብቻ ነው። ይህን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በግቢ ውስጥ የሞከረ ሰው፥ ከካሜራው ጋራ የሚመጣውን ወፍራም መጽሐፍ ግማሹን ሳያነበው ያውቀዋል።

ለቤተ ሰብ ሥራ መዘውሩን ኤ ወይም ኤቪ በሚለው ላይ ማድረግን እመክራለሁ። በዚህ ስፍራ ባለቤቱ ቀዳዳውን ይመርጣል፥ ካሜራው ጊዜውን ያገኛል። አይ ኤስ ኦውንም ለካሜራው ትቶ ከ6400 እንዳያልፍ፥ መዝጊያውም ከ1/125 በታች እንዳይዘገም አስቀድሞ ማዘዝ ይቻላል። ሁሉን በእጅ የሚያዙበት ኤም የሚባለው ስፍራ በምሽት ድግስና በመድረክ ላይ ጥቅም አለው፤ በልጆች መካከል ግን ቁልፍ ሲያዞሩ ሳቁ ያልፋል።

ስለ አገራችን ብርሃን ጥቂት ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች፥ ለምድር ወገብም የቀረበች ከተማ ናት። ስለዚህ በቀትር ፀሓይዋ ከአናት ትወርዳለች፤ ግንባርና አፍንጫ ይበራሉ፥ ዓይን በጥላ ውስጥ ይሰወራል። በዚህ ሰዓት የመደመር ቁልፍ ብቻውን አያድንም፤ ፊቱን ለማብራት ብርሃን ቢጨመር የነጠላው ጥልፍና ጥበብ ነጭ ሆኖ ይጠፋል። በዲጂታል ሥዕል ደግሞ ፈጽሞ የነጣ ስፍራ ተመልሶ አይመጣም፤ የጨለመው ግን በመጠኑ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ከካሜራው ይልቅ ሰውየውን ማንቀሳቀስ ይሻላል። ከዛፍ ጥላ ሥር፥ ከበረንዳ ጫፍ፥ ወይም ከግንብ አጠገብ ፊትን ወደ ክፍቱ ሰማይ አዙሮ ማስቆም በቂ ነው። ጥላው ከጠቆረ ከቤተ ሰቡ አንዱ ነጭ ጋቢ ዘርግቶ ከካሜራው አጠገብ ቢቆም፥ ጋቢው ብርሃኑን ወደ ፊቱ ይመልሳል። ፈረንጆች ለዚህ ሥራ የሚታጠፍ ነጭ ሸራ ይሸጣሉ፤ የእኛ ጋቢ ያንኑ ሥራ ይሠራል፥ ሲመሽም ይለበሳል። ጠዋት እስከ ሦስት ሰዓት፥ ከሰዓት በኋላም ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ያለው ብርሃን ለፊት የተስማማ ነው፤ የኛ ምሽት ግን ፈጥኖ ስለሚወርድ መዘግየት አያስፈልግም።

በካሜራው ላይ ሂስቶግራም የሚባል እንደ ተራራ ሰንሰለት ያለ ሥዕል ይታያል። በስተግራ ጨለማው፥ በስተቀኝ ብርሃኑ ነው። ተራራው የቀኙን ግድግዳ ገፍቶ ከተቈረጠ ነጩ ጠፍቶአል ማለት ነው። እኔ በጃንሜዳ በመስተዋቱ ላይ ያላየሁትን ይህ ሰንሰለት በአንድ አፍታ በነገረኝ ነበር። ሁለተኛ ደግሞ ሥዕሉን በጄፔግ ብቻ ሳይሆን ሮው በሚባለው ጥሬ መዝገብ ማስቀመጥ ይገባል። ጥሬው መዝገብ ብዙ ስፍራ ይይዛል፤ ነገር ግን የጨለመ ፊት በኋላ በኮምፒውተር ሲነሣ የሚነሣበትን ነገር ይዞ ይጠብቃል። የእናቴ ሥዕል በጄፔግ ብቻ ስለ ተቀመጠ፥ ባለሙያ ቢደክምበት ፊታቸው ቢጫና ሰማያዊ ጠቃጠቆ ሆኖ ከመውጣት አላለፈም።

ከዚህ ወደ ሌንሱ እንለፍ፤ ገንዘብም የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው።

ሰው ካሜራ ሲገዛ የሚጠይቀው ስንት ሚሊዮን ነጥብ አለው ብሎ ነው። እኔ ግን ይህን ጥያቄ ወደ ኋላ እንዲያደርገው እመክራለሁ። ወርዱ 20፥ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ በግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥዕል አሳምሮ ለማተም ከ8 ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጥ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚህ በታች ያለው አዲስ ካሜራ አሁን በገበያ ላይ አይገኝም ለማለት ይቻላል። የካሜራው አካል በጥቂት ዓመታት ያረጃል፥ ሌንስ ግን በጥንቃቄ ከተያዘ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለግላል። እንግዲህ ገንዘቡ ውስን የሆነ ሰው ርካሽ አካልና ደኅና ሌንስ ቢገዛ፥ ውድ አካልና ደካማ ሌንስ ከገዛው ጎረቤቱ የተሻለ ሥዕል ያወጣል።

የሌንስ ርዝመት በሚሊሜትር ይነገራል። ቍጥሩ ሲያንስ ሰፊ ስፍራ ያሳያል፥ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል። ልኩ የሚነገረው ወርዱ 36፥ ቁመቱ 24 ሚሊሜትር ለሆነ ብርሃን ተቀባይ ገበታ ነው፤ ይህም ልክ ኦስካር ባርናክ ከሠራውና በፈረንጆች አቆጣጠር በ1925 በላይፕሲግ ትርኢት ለገበያ ከቀረበው ከላይካ ካሜራ ፊልም የወረደ ነው። በብዙ ቤት የሚገኘው ካሜራ ግን ገበታው ከዚህ ያነሰ ስለ ሆነ የሌንሱን ቍጥር በ1.5፥ በካኖን ደግሞ በ1.6 ማባዛት ያስፈልጋል። በእንደዚህ ያለው ካሜራ ላይ 50 የተባለው ሌንስ እንደ 75 ወይም እንደ 80 ሆኖ ይሠራል። ይህን ሳያውቁ ገዝተው በጠባብ ሳሎን ውስጥ ጀርባቸው ከግድግዳ ጋራ የተጣበቀ ሰዎች አይቻለሁ።

ከካሜራው ጋራ አብሮ የሚሸጠው ከ18 እስከ 55 የሚደርስ ሌንስ በቀን ብርሃን የሚናቅ አይደለም። ጕድለቱ በቤት ውስጥ ይታያል። ወደ 55 በዘረጉት ጊዜ ቀዳዳው ከኤፍ 5.6 በላይ አይሰፋም። አንዲት እመቤት ከሰዓት በኋላ በመስኮት አጠገብ ቡና ሲያፈሉ ለማንሣት ብንፈልግና በኤፍ 2፥ በ1/125፥ በአይ ኤስ ኦ 1600 የሚበቃ ቢሆን፥ በዚህ ሌንስ ግን ብርሃኑ ስምንት እጅ ስለሚቀንስ አይ ኤስ ኦውን ወደ 12,800 ማውጣት ግድ ይሆናል። ያን ጊዜ የጀበናውና የረከቦቱ ጢስ ሁሉ አሸዋ ሆኖ ይወጣል።

ስለዚህ ሁለተኛ ሌንስ የሚገዛ ሰው 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 የሆነውን ይግዛ። ከሌንሶች ሁሉ በዋጋው ከሚረክሱት አንዱ ነው፤ አይዘረጋም አይሰበሰብም፥ ነገር ግን ከዚያ ከ5.6 ይልቅ አሥር እጅ ያህል ብርሃን ያስገባል። በትንሹ ገበታ ላይ ለፊት የተመቸ ነው፤ በትልቁ ገበታ ላይ ደግሞ ለፊት 85 ይሻላል። ይህን የምለው ሌንሱ አፍንጫን ያሳጥራል ብዬ አይደለም። ፊትን የሚያበላሸው ርቀት ነው። ሰው ከግማሽ ሜትር ሲነሣ አፍንጫው ለካሜራው ከጆሮው ይልቅ እጅግ ስለሚቀርብ ተልቆ ይታያል፤ በስልክ የተነሣ ፊት የማያምረው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፥ የስልክ ዋና ሌንስ እንደ 24 ወይም 26 ሚሊሜትር ሰፊ ስለ ሆነ ባለ ስልኩ እንዲቀርብ ይገደዳልና። 85 የያዘ ሰው ግን ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ለመቆም ይገደዳል፤ ፊቱም በተፈጥሮው ልክ ይወጣል። ለአረጋውያንም ርቀቱ አክብሮት አለው፤ ካሜራ በአፍንጫቸው ሥር ሲደቀን አይወዱም።

ቤተ ሰብን በሙሉ ለማንሣት የተለየ ሂሳብ አለ። አሥራ ሁለት ሰው በአንድ መስመር ቢቆም ስድስት ሜትር ያህል ይይዛል። በትልቁ ገበታ በ50 ሌንስ ይህን ለማግባት ከስምንት ሜትር በላይ ወደ ኋላ መሸሽ ያስፈልጋል፤ በ35 ስድስት ሜትር ያህል፥ በ24 አራት ሜትር ይበቃል። እጅግ ሰፊ የሆነው ሌንስ ግን በጫፍ የቆሙትን ሰዎች ይለጥጣል፤ አንድ ሰው ወፍሮ ወጣሁ ብሎ ቢቈጣ እውነት አለው። ስፍራ ከተገኘ 35 ወይም 50 ይመረጣል። ቀዳዳው ኤፍ 5.6 ወይም 8 ይሁን። ብዙ ብር የፈሰሰበት የሠርግ ሥዕል በኤፍ 1.8 ተነሥቶ ሙሽሮቹ ጠርተው በስተኋላ የቆሙት ሚዜዎች በሙሉ ደብዝዘው አይቼ አዝኛለሁ፤ አንሺው አዲሱን ሌንሱን ለማሳየት ቸኵሎ ነበር።

ከሩቅ ለማንሣት ከ70 እስከ 200 የሚደርስ ሌንስ አለ፤ ክብደቱም ዋጋውም ብዙ ነው። ታቦት ሲወጣ ካህናቱን ሳይጋፉ ለማንሣትና ለጉግስ ይጠቅማል፤ ሌላ ጊዜ በሣጥን ውስጥ ይተኛል። በላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስን ከአፋፉ ቆሞ እስከ መሠረቱ ለማንሣት ደግሞ ከ16 እስከ 24 ያለው ሰፊ ሌንስ ያስፈልጋል፤ ካሜራው ወደ ታች ባዘነበለ ቍጥር ግድግዳዎቹ ወደ መሠረቱ እየጠበቡ እንደሚሄዱ ሆነው ስለሚታዩ፥ ከጥቂት ወደ ኋላ ርቆ ካሜራውን ማቅናት ይሻላል። በጎንደር እንደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ባሉ የጣራቸው መላእክት በሚታዩባቸው አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ግን አስቀድሞ ማስፈቀድ፥ ፍላሽ ማጥፋትና በሰፊ ቀዳዳ ማንሣት ነው።

ስለ ግዢው ሁለት ነገር ልብ ይባል። የአንዱ ኩባንያ ሌንስ ብዙውን ጊዜ በሌላው ካሜራ ላይ አይገጥምም፤ ካኖንና ኒኮን ደግሞ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2018 ጀምሮ መስተዋት የሌላቸውን አዲስ ካሜራዎች በሌላ አፍ ሠርተዋል። የቀድሞው ሌንስ በማገናኛ ቀለበት በአዲሱ ላይ ይሠራል፥ አዲሱ ግን በአሮጌው ላይ አይሠራም። ዘመድ ከውጭ አገር ሲልክ የካሜራውን ስም በሙሉ ጽፎ መስጠት የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። ያገለገለ ሌንስ የሚገዛም ሰው በጨለማ ክፍል ውስጥ ባትሪ አብርቶ በአንድ ወገን እያሳየ በሌላው ወገን ይመልከት። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካየ ሻጋታ ነውና ይተወው። በእኛ ክረምት ሌንስ በቆዳ ማኅደር ውስጥ ተዘግቶ ከከረመ ሻጋታ ይይዘዋል፤ እርጥበት በሚመጥ ከረጢት ጋራ በደረቅ ሣጥን ይቀመጥ።

ባለፈው ጥምቀት የእናቴን ታናሽ እኅት፥ አክስቴን፥ ከጃንሜዳ ከተመለስን በኋላ በአሥር ሰዓት በግቢያችን ውስጥ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጥኋቸው። እንደ እናቴ ነጭ በነጭ ለብሰዋል። ሌንሱ 85፥ ቀዳዳው ኤፍ 2.8፥ መዝጊያው 1/250፥ የመደመሩም ቁልፍ በ1 ላይ ነበረ፤ የወንድሜ ልጅ ጋቢ ዘርግታ ከጎኔ ቆመች። ሥዕሉን በመስተዋቱ ሳሳያቸው ብዙ ዝም ብለው ተመለከቱና፥ «ዓይኔ የእኅቴን መስሎአል» አሉ። በማግሥቱ በወረቀት አሳትሜ ለእያንዳንዱ ወንድሜ አንዳንድ ላክሁ፤ በኮምፒውተር ውስጥ ያለውን አላመንሁትም።